128 ባይት ብቻ የነበራት የጌም ማሽን ሜሞሪ እንዴት ተጨመረላት?

የስልካችሁ ራም የሚቆጠረው በጊጋባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ገበያ ላይ የዋለችው አታሪ 2600 ግን 128 ባይት ራም ብቻ ነበራት። ዛሬ ስልካችን ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 128 ባይት የሚችለው 42 ፊደል ነው። አንድ አጭር ቴክስት በሉት።

ጌሙ ራሱ የሚመጣው ካርትሪጅ በሚባል የሚሰካ ዕቃ ነበር። ማሽኗ ከሱ ላይ በአንድ ጊዜ ማየት የምትችለው ደግሞ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው።

በ1982 ስታርፓዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ "ሱፐርቻርጀር"ን ይዞ መጣ። እንደ ካርትሪጅ ይሰካል፤ ውስጡ 6 ኪሎባይት ራም አለው፤ ከማሽኗ ራም 48 እጥፍ ማለት ነው። ገመዱ የሚገባው ቴፕ ላይ፣ ኢርፎን በሚሰካበት ቀዳዳ ነው። ጌሙ የሚሸጠው በተራ ካሴት ነበር፦ ቴፑን ፕሌይ ስትሉት የሚወጣው ድምፅ ወደ ዳታ ተቀይሮ ራሙ ላይ ይጫናል።

አንድ ችግር ግን አለ። የካርትሪጁ መሰኪያ የተሠራው ለማንበብ ብቻ ነው። "ይህን ጻፍ" የሚል ትእዛዝ የሚያልፍበት ሽቦ የለውም። ታዲያ በምን ይጻፋል?

ሚስኮልን አስቡት። ሳናወራ፣ መደወላችን ራሱ መልእክት ይሆናል። እዚህም እንደዚያው ነው። 75ን መጻፍ ሲፈለግ ማሽኗ 75 ቁጥር ያለበትን አድራሻ "ላንብብ" ብላ ትጠይቃለች። ሱፐርቻርጀሩ 75ን ይይዝና ከዚያ በኋላ የሚጠሩትን አድራሻዎች ይቆጥራል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ 75ን እዚያው ያስቀምጠዋል። በማንበብ መጻፍ ይሏል ይሄ ነው!

በዚህ መንገድ "ድራጎንስቶምፐር" የተባለው ጌም በ3 ክፍል ተሠራ። አንዱን ክፍል ስትጨርሱ ካሴቱ እንደገና ይከፈታል፤ ቀጣዩ በቀድሞው ቦታ ይጫናል። ጣጣው ራም መሆኑ ነው፤ ማሽኗ ከጠፋች ሁሉም ይጠፋል፣ ካሴቱም ከመጀመሪያው።

የኋላዎቹ ከዚህ ተገላገሉ። ኔንቴንዶ 64 ለሜሞሪ ብቻ የተተወ መሰኪያ ነበረው፤ በ1998 የወጣው "ኤክስፓንሽን ፓክ" እዚያ ገብቶ 4 ሜጋባይቱን 8 አደረገው። መንገዱ ቀድሞ ስለታሰበበት ሚስኮል አላስፈለገም።

የእናንተስ ስልክ ስንት ራም አለው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።