ፍጹም ዜሮ

ትናንት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዛሬ 20 ቢሆን «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ» ማለት ይቻላል? አይቻልም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት አይደለም። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ናቸው። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ዜሮን ለሚፈላ ውሃ፣ 100ን ለበረዶ ነበር የሰጠው፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። በፋራናይት ደግሞ ያው የበረዶ ነጥብ 32 ነው።

ማንም ያልመረጠው፣ ተፈጥሮ ራሷ ያስቀመጠችው ዜሮ ግን አለ። ፈረንጆቹ «አብሶሉት ዜሮ» ይሉታል፤ በአማርኛ «ፍጹም ዜሮ» እንበለው። መጠነ ሙቀት ከዚያ ወዲያ ሊወርድ የማይችልበት ወለል ሲሆን ከሴልሺየስ ዜሮ 273.15 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አንድ ነገር ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ጉልበት እያጡ እንቅስቃሴያቸው ይቀንሳል። ፍጹም ዜሮ ላይ ሊወሰድባቸው የሚችል ጉልበት አይቀርም። ጨርሰው ደርቀው ይቆማሉ የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ በኳንተም ፊዚክስ ሕግ መሠረት ማንም የማይወስድባቸው ጥቂት እንቅስቃሴ ይቀራቸዋል።

ከዚህ ወለል ተነስቶ የሚቆጥረው መለኪያ ኬልቪን ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1848 ያቀረበው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ቶምሰን ነው። በኋላ የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጠው በዩኒቨርሲቲው አጠገብ በሚያልፈው በኬልቪን ወንዝ ተጠራ፤ መለኪያውም የወንዙን ስም ወረሰ ማለት ነው። የአንድ ኬልቪንና የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እርምጃ እኩል ስለሆነ 273.15 መደመር ይበቃል። 10 ዲግሪ 283.15፣ 20 ዲግሪ 293.15 ኬልቪን ይሆናል። እጥፍ የመሰለው ጭማሪ 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ቅዝቃዜ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የከብት አዳቃይ ባለሙያዎችን ይጠይቅ። የተመረጡ ኮርማዎች ዘር ወደ ገጠር የሚጓጓዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጉም ቡልቅ ይላል፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 77 ኬልቪን ላይ ይገኛል።

ስትጽፉ ታዲያ «77 ዲግሪ ኬልቪን» አትበሉ። «ዲግሪ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1967 በዓለም አቀፍ ስምምነት ከኬልቪን ላይ ተነስቷል፤ «77 ኬልቪን» በቂ ነው።