የጉርምስናን ጭንቀት ማን ይሸከመው ነበር?

በአዊ ዞን ካለችው ከግምጃ ቤት ከተማ ተነሥቶ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ዕጣውን በአንድ ሳምንት ይወስናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዓመቱ ሳያልቅ በአማራ ክልል ጦርነት ተጀመረ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ።

ቀድሞስ? አዊ ያለበት ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ዛሬም ይጠራል። ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከወላጆቹ ይለይ ነበር። ቅኔ ሲቆጥር ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ሐሳቡን ሰብስቦ አንዲት ምሥጢር ያሳድዳል። ፈረንጆች ዛሬ በሥልጠና የሚያስተምሩት ሐሳብን ሰብስቦ ልብን የማሳረፍ ልምምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል፣ ሲያሻቸውም ያፈርሱበታል፤ ልጁ በማግሥቱ እንደገና ይቆጥራል። መሳሳት በጓደኞቹ መካከል የሚያልፍበት የዕለት ሥራው ነበር እንጂ የሕይወቱ ፍርድ አልነበረም። ማታ ጎጆ ተጋርተው፣ የለመኑትን ቁራሽ ተካፍለው ያድራሉ።

ይህን ሳወራ ያን ዘመን መናፈቄ አይደለም። ረሃቡና ተስቦው ብዙዎችን ጨርሷል። ትምህርት ይገለጥልናል ብለው ዐብሾ የሚባለውን ዕፅ ጠጥተው አእምሯቸው የተናወጠም ነበሩ፤ የውጤት ጭንቀት የዘንድሮ ፈጠራ አይደለም። ሴት ልጅማ ጉርምስና የሚባል ዕድሜ አልተሰጣትም፤ ከእናቷ ጓዳ ወደ አማቷ ጓዳ ትሻገር ነበር። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው።

ወደ መንግሥት ስንመጣ ደግሞ ለአእምሮ ሕመም የሰጠው መልስ ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለአዊ ልጅ አማኑኤል ሩቅ ነው፤ ደግሞም አብዛኛው የጉርምስና ጭንቀት ሆስፒታል የሚያስኬድ አይደለም። የሚያስፈልገው ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው የሚጀምረው 14 ዓመት ሳይሞላ ነው፤ ይህም ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርስ ማለት ነው።

የድሮው ተማሪ ቢራብም ቅኔው ሲፈርስበት አብሮት የሚያድር ነበረው። የዛሬው ውጤቱን በስልኩ ያያል፣ ብቻውን። ስለዚህ የግምጃ ቤት ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ልጆቹን ብቻቸውን አትተዉአቸው። «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አደርክ?» በሏቸው።