ከተባይ ወደ ግድፈት፦ በሶፍትዌር ሙያ የስሕተት ስያሜ ታሪክ

የሶፍትዌር ንድፍ የሚማር ሰው መሣሪያዎቹንና ዘዴዎቹን በቅጡ ሳይለይ አንድ ቃል ቀድሞ ይደርሰዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በፕሮግራም ውስጥ ላለ ስሕተት የተባይን ስም ሰጥተውታል። ቃሉ በድምፁ ወደ ፊደላችን ቢገለበጥ «በግ» ተብሎ ስለሚነበብ በውሰት መያዙ አያመችም፤ ቢተረጐም ደግሞ የባሰ ችግር ያመጣል።

ስያሜው ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በጻፈው ደብዳቤ በፈጠራ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙትን እንከኖች በዚሁ ቃል ጠርቷቸዋል። አዘውትሮ የሚተረከው ግን የ1947ቱ ነው፤ በሃርቫርድ በማርክ 2 ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኝታ በመዝገቡ ላይ ተለጠፈች። ከሥሯ የሰፈረው ማስታወሻ በቃሉ የሚቀልድ በመሆኑ፣ ስያሜው ከዚያ በፊት የታወቀ እንደ ነበር ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለውን ስም የመረጡት ሆን ብለው ለመቆስቆስ ነበር። የእኛው «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የዐረብኛውም ምንጭ ልክን የሚያመለክት የፋርስ ቃል ነው። ድልድይ ሲፈርስ ተባይ ገባበት የሚል መሐንዲስ ግን አልሰማንም።

የስያሜው ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ አሳይቷል። በካናዳ የተሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር መታ፤ ከነርሱም የሞቱ አሉ። በቀደመው ሞዴል ላይ አደጋን ያግድ የነበረው መቆለፊያ ተነሥቶ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተትቶ ነበር። በ1986 በቴክሳስ፣ በታይለር ከተማ፣ ኦፕሬተሯ የተሳሳተ ፊደል ጽፋ ፈጥና ስታርመው በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ታረመ፤ መሣሪያው ግን አልታረመም። የወጣው መልእክት «ብልሽት 54» የሚል ብቻ ሲሆን መመሪያው ትርጉሙን አያስረዳም ነበር። ኦፕሬተሯ አንድ ቁልፍ ተጭና ቀጠለች፤ ታማሚው ዳግመኛ ተመታ።

እዚህ ላይ «ብልሽት» የሚለውን እኛ ነን የመረጥነው፤ የእንግሊዝኛውን ጉድለት በሚገባ ያሳያልና። ሞተር ይበላሻል፣ ወተትም ይበላሻል፤ ሶፍትዌር ግን አይዝግም፣ አይሻግትም። ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በውስጡ ነበረ። «ተበላሸ» ስንል አድራጊው ይሰወራል፤ «ተሳሳተ» ስንል ግን ማን የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ሆላንዳዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ትምህርት አሰጣጥ ሲጽፍ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ተባይ ማለት ቀርቶ ስሕተት ይባል፣ ኀላፊነቱም ከፕሮግራም ጸሐፊው ላይ ይረፍ አለ።

የአይ ትሪፕል ኢ የ1990 መፍትሔ ቃላት የሰውን ድርጊት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የቀረውን ነገርና በሥራ ላይ የሚታየውን ውጤት ለያይቷል። ለነዚህም በቅደም ተከተል «ስሕተት»፣ «ግድፈት» እና «ክሽፈት» የሚሉትን እናቀርባለን። ግድፈት ጸሐፊ ከሚገለብጠው ጽሑፍ የዘለለው ነው፤ ክሽፈት ደግሞ ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይተኩስ ሲቀር የሚባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሶፍትዌር መሐንዲሶች የሥነ ምግባር ደንብ ከስምንቱ መርሖዎቹ የሕዝብን ጥቅም አስቀድሟል፤ ነዳፊው ደኅንነቱን በበቂ ምክንያት ያላመነበትን ሥራ እንዳያጸድቅም ይከለክላል። ያም ሆኖ ስሕተት የማስወገዱን ሥራ የሚጠራው በዚያው በተባዩ ቃል ነው። ደንቡን የሚተረጕም ሰው «ግድፈት ማረም» ቢል ይሻላል እንላለን። አረምም እንደ ተባይ ሳይዘሩት የሚበቅል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «አረመ» ለጽሑፍ ስሕተት ብዙ ዘመን ያገለገለ ቃል ስለሆነ፣ የእርሻው ትርጉም በአንባቢ ልቡና ውስጥ አይቀድምም ብለን እንገምታለን።