ኀፍረትና ዕውቀት

ኀፍረት በቦታው ሲሆን መልካም ነገር ነው። ሰውን ከስርቆት፥ ከሐሰትና ከስድነት የሚጠብቀው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ኀፍረት ከቦታው አልፎ ዕውቀትን የከለከለ እንደ ሆነ፥ ጠባቂነቱ ይቀርና ገዳይ ይሆናል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ልጆቼ ሆይ፥ በዚህች ጽሑፍ የምነግራችሁ ኀፍረት በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ ያደረሰውን ጉዳትና ሕጋችንም ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ተሻሻለ ነው። የምጽፈውም መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ የበደልሁበት ነገር ስለ ሆነ ነው።

የተወለድሁት በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀውም በዚያው ዓመት ነበር። ያ ሕግ ወንድ 18 ዓመት፥ ሴት ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ደነገገ። ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ለባል በምትሰጥበት አገር ይህ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አንደኛ፥ ሕጉ ከከተማ ወጥቶ ከገበሬው ጎጆ አልደረሰም። ሁለተኛም፥ የ15 ዓመት ልጅ ልቧም አካሏም ገና ልጅ መሆኑን ሕጉ አላየውም።

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ሐኪሞች እንዲህ ብለው ያስረዳሉ። የልጅቱ የዳሌ አጥንት ገና ስላልሰፋ፥ ምጥ በመጣ ጊዜ የሕፃኑ ራስ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ሐኪም ወይም የተማረች አዋላጅ በአጠገቧ ከሌለች ምጡ ሁለት ሦስት ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የሕፃኑ ራስ በመውለጃው መንገድና በሽንት ፊኛ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ስለሚከለክለው፥ ሥጋው ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቋጠር ተስኗት ትቀራለች። ይህ ሕመም ፌስቱላ ይባላል። ከሕመሙ የሚብሰው ደግሞ የሚከተለው ነው፤ ባል ይፈታታል፥ ጎረቤት ይሸሻታል፥ እርስዋም እርግማን የደረሰባት መስሏት ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች።

በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቆም፥ ያውም ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ዳሩ ግን የእነዚህን ልጆች ሥቃይ ባዩ ጊዜ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ፤ በ1967 ዓ.ም.ም ራሱን የቻለ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ታመው ወደ እነርሱ ከመጡት አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበሩ። እኚህ ሴት ፊደል ሳይቆጥሩ ገና በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው፥ ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀሩ። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው ቀዶ ሕክምናን በእጃቸው ተማሩ፤ በመጨረሻም ለሐኪሞች እስከ ማስተማር ደረሱ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ለዚያች ልጅ የጎደላት አእምሮ ሳይሆን ደግ እጅና የሚያስተምራት ሰው ነበር።

እኔ በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ውኃ አፍልቶ መጠጣትን፥ ቁስል ማጠብን፥ ልብስ መስፋትን አስተማሩን፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የአካል ትምህርት ሲደርስም ስለ ልብ፥ ስለ ሳንባና ስለ ኩላሊት ደኅና አድርገው አስረዱን። ስለ መውለድ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ በደረስን ጊዜ ግን መምህርቷ «ይህን በቤታችሁ ታነቡታላችሁ» ብለው ዘለሉት። እኛ አዳሪዎች ስለ ነበርን ቤት አልነበረንም፤ መጽሐፉም ከክፍል አይወጣም። የወር አበባዬ በመጣ ጊዜ የምሞት መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፥ እኔም መምህርት በሆንሁ ጊዜ ያንኑ ምዕራፍ ዘለልሁት።

በ1978 ዓ.ም. አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ትምህርት ካበቃ በኋላ ቀረችና፥ መሬት መሬቱን እያየች፥ «እትዬ፥ አንዲት ጓደኛዬ ጠይቂልኝ ብላ ነው፤ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ብትሳሳት ታረግዛለች?» አለችኝ። ጓደኛ የተባለችው ማን እንደ ሆነች ወዲያው ገብቶኛል። እኔ ግን ፊቴን አጥቁሬ፥ «ይህ የተማሪ ጥያቄ አይደለም፤ በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኋት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ከአንዲት ሴት ዘንድ የተቀመመ ነገር ጠጥታ ደም ሲፈስሳት ለማንም ሳትናገር ቆይታ፥ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መሞቷን ሰማሁ። የእርስዋ ደብተር በዚያ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ከሚታረሙት ደብተሮች መካከል ነበረ።

እርግጥ ሕጉም ከእኔ የተሻለ አልነበረም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና በከባድ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ፅንስ ማቋረጥን ይከለክል ነበር። ተገዳ ላረገዘች ልጅ እንኳ ቅጣት ከማቅለል በቀር ፈቃድ አልሰጠም። የእርግዝና መከላከያን በማስታወቂያ መንገርም ያስቀጣ ነበር፤ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራውን የጀመረው እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ነው። ሆኖም ያን ቀን ቢያንስ ልሰማትና አብሬአት ሐኪም ዘንድ ልሄድ እችል ነበር። ይህን ሕግ አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ ኀፍረቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከወንዶች ጋር አስተካክሎ 18 ዓመት አደረገው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ፥ የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ማስተማር ያዙ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ፅንስ ማቋረጥን በጠቅላላው ባይፈቅድም፥ ተደፍራ ላረገዘች፥ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ ለሚያሠጋት፥ ዕድሜዋ ገና ሆኖ ልጅ ለማሳደግ ላልደረሰች በሐኪም እጅ እንዲፈጸም በሩን ከፈተ። የተደፈረችም ልጅ ቃሏ ብቻ ይበቃል አለ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት፥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ100 ልጃገረዶች 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ለወጣት መንገር ወጣትን ማበላሸት ነው» ይላሉ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን የእኔ ዝምታ ያችን ልጅ ከስሕተት አልጠበቃትም፤ ከእርዳታ ብቻ ለያት። ጨዋነት የሚጸናው በዕውቀት እንጂ በድንቁርና አይደለም፤ የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ይጠነቀቀዋል?

እንግዲህ ልጆቼ፥ ሕግ በሩን ይከፍታል እንጂ እጃችሁን ይዞ አያስገባችሁም። አንቺ ልጄ፥ ስለ አካልሽ መጠየቅ ነውር አይደለምና ከጤና ጣቢያው በር ላይ አትመለሺ። አንተም ልጄ፥ ነገሩ የሴት ብቻ ነው አትበል፤ ያች ተማሪዬ ብቻዋን አልተሳሳተችም፥ የሞተችው ግን ብቻዋን ነው። ነገ መምህር ወይም ነርስ የምትሆኑም ትኖራላችሁ። በዚያን ጊዜ አንዲት ልጅ መሬት መሬት እያየች ስለ ጓደኛዋ የጠየቀቻችሁ እንደ ሆነ፥ ወንበር ስቡላት፤ ከምክሩም ከወቀሳውም አስቀድማችሁ ስሟት።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያን ምዕራፍ ዳግመኛ አልዘለልሁትም።