የላሽ ሕመም፦ ከወቀሳ ወደ ልክ

በተለምዶ ላሽ የሚባለውና ጠጉርን በክብ በክቡ የሚመልጠው ሕመም፣ «አሎፔሺያ አሬታ» የሚለውን ስሙን ከፈረንሳዊው ሐኪም ከሶቫዥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1763 ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሐኪሞች ከፊሎቹ ተላላፊ ተውሳክ፣ ከፊሎቹም የነርቭ መታወክ ያመጣዋል ሲሉ ተከራከሩ፤ ሕመምተኛውም ወይ ይፈራ፣ ወይ በጭንቀቱ ይወቀስ ነበር።

በ1998 ጊልሃርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ በተተከለ የሕመምተኞች የራስ ቆዳ ውስጥ የሕመምተኞቹኑ ቲ ሴሎች ቢያስገቡ፣ በቅሎ የነበረው ጠጉር ረገፈ፤ አጥቂው የሰውነት የገዛ ዘበኛ መሆኑም ታየ።

በደም ውስጥ እንደ ኢንተርፌሮን ጋማ ያሉ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለው ሊገኙ ይችላሉ። ይሁንና መለኪያ የሚመሰክረው ስለሚለካው ነገር ብቻ መሆኑን እኛ መሐንዲሶች እናውቃለን፤ የደም ልክ ብግነትን ያሳያል እንጂ መነሻው ጭንቀት መሆኑን አያረጋግጥም። የጠጉር መርገፍ ራሱም ጭንቀትን ይወልዳልና፣ ሕመምተኛውን ለመውቀስ አንቸኩል።