ነጋዴውና አባወራው ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባቢ ሆይ! የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ከጧት እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ የሚውል፣ ልጆቹን ለማሳደግ የሚደክም ወንድም ቀረብ ይልና «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ለዲኔ የሠራሁት ነገር የለም፤ ዕድሜዬ በንግድና በቤት ጣጣ አለቀ» ይለኛል። ለዚህ ወንድም በራሴ አንደበት ከምመልስለት የአንድን ሰው ታሪክ ብነግረው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ነጋዴ ነበሩ፤ ባልና አባትም ነበሩ። እኚህ ሰው ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ናቸው።

ዑስማን (ረ.ዐ.) የተወለዱት በመካ ከተማ፣ ከቁረይሽ ጎሣ ከበኑ ኡመያ ቤተሰብ ነው። ሥራቸው የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ነበር። ከገንዘባቸው ይልቅ የሚታወቁት በዓይነ አፋርነታቸውና በእጃቸው ቸርነት ነበር። ወዳጃቸው አቡበክር (ረ.ዐ.) ወደ እስልምና በጠሯቸው ጊዜ ሳያመነቱ ከቀደምቶቹ ጋር ሰለሙ። አጎታቸው አል-ሐከም ይህን ሲሰማ በገመድ አስሮ፣ የአባቶችህን እምነት ካልያዝክ አልፈታህም ብሎ ዛተባቸው። እሳቸው ግን አልተበገሩም። አጎትየው ጽናታቸውን ባየ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ለቀቃቸው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) የዑስማን ባለቤት ነበሩ። በመካ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው በደል ሲበረታ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጥላው ሥር ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለባት ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሰደዱ ለተከታዮቻቸው ነገሯቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 615 ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ በመጀመሪያው ጉዞ ቀይ ባሕርን ከተሻገሩት 11 ወንዶችና 4 ሴቶች መካከል ዑስማንና ሩቀያ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለአንድ ነጋዴ አገሩን መልቀቅ ማለት ደንበኛውን፣ ያበደረውን ገንዘብና የገነባውን ስም ትቶ መሄድ ማለት ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሀብቴን ልጠብቅ ብለው ሚስታቸውን ብቻዋን አልላኩም፤ ሚስታቸውንም በጠላት መሐል ትተው ብቻቸውን አልሸሹም። አብረው ሄዱ። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደውም በዚሁ በሐበሻ ምድር እንደሆነ ይወሳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የነጃሺን አገር ስናነሳ የምንኮራው በንጉሡ ፍትሕ ነው፤ ይህች ምድር የዚህን ቤተሰብ ጎጆ ማስተናገዷንም ማስታወስ ይገባናል።

ከዚያ ወደ መካ ተመለሱ፤ በኋላም ወደ መዲና ተሰደዱ። በመዲናም ዑስማን (ረ.ዐ.) እንደገና ወደ ገበያ ወጡ። ከበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ተምር ገዝተው አትርፈው ይሸጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገዙ አስፍረው እንዲቀበሉ፣ ሲሸጡም ሰፍረው እንዲያስረክቡ መከሯቸው። ልብ በሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ንግድህን ተው አላሏቸውም፤ መስፈሪያህን አስተካክል ነው ያሏቸው። ደግሞም ዑስማን (ረ.ዐ.) ጉልበትና ችሎታ ላለው፣ ነገር ግን መነሻ ለሌለው ሰው ገንዘብ ሰጥተው ትርፉን ለመካፈል ይዋዋሉ እንደነበር ኢማም ማሊክ በሙወጧእ ኪታባቸው አስፍረዋል። ይህ ዓይነቱ ውል ቂራድ ይባላል። ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያዋጣል፤ አራጣ የሚባል ነገር በመካከላቸው አይገባም።

በመዲና የሚጠጣ ጣፋጭ ውሃ የሚገኘው በሩማ ጉድጓድ ነበር። ባለቤቱ ግን ውሃውን ይሸጥ ስለነበር ድሆቹ ስደተኞች ተቸገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉድጓዱን ገዝቶ ባልዲውን ከሙስሊሞች ባልዲ ጋር እኩል ለሚያደርግ ሰው የጀነት ብሥራት ተናገሩ። በአንድ ዘገባ መሠረት ዑስማን (ረ.ዐ.) በመጀመሪያ ግማሹን በ12 ሺህ ዲርሃም ገዙ፤ አንዱ ቀን የእሳቸው፣ ቀጣዩ ቀን የባለቤቱ ሆነ። በዑስማን ቀን ሕዝቡ የሁለት ቀን ውሃ በነፃ እየቀዳ ሲሄድ፣ በባለቤቱ ቀን የሚገዛ ሰው ጠፋ። ሰውየውም ቀሪውን ግማሽ በ8 ሺህ ዲርሃም ሸጠላቸው። የነጋዴ ብልሃት ለአላህ ብሎ ሲሠራ ይህን ይመስላል። ጉድጓዱ እስከ ዛሬ መዲና ውስጥ በዑስማን ስም ይታወቃል።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ወደሆነው ቀን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ624 የበድር ዘመቻ ሲነሣ ሩቀያ (ረ.ዐ.) በጠና ታመው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዑስማንን (ረ.ዐ.) ቀርተው እንዲያስታምሟቸው አዘዟቸው። ባልንጀሮቻቸው ሁሉ ወደ ታላቁ ቀን ሲገሰግሱ፣ እሳቸው አልጋ ሥር ተቀመጡ። ውሃ ማቀበል፣ ትኩሳት ማብረድ፣ ሌሊቱን ነቅቶ ማደር፤ ማንም የማያየው፣ ገጣሚም የማይገጥምለት ሥራ! ሩቀያ (ረ.ዐ.) ከዚያ በሽታ አልዳኑም። የድሉ የምሥራች መዲና የደረሰው በመቃብራቸው ላይ አፈር እየተመለሰ ባለበት ሰዓት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለዑስማን (ረ.ዐ.) በድር ላይ የተገኘ ሰው የሚያገኘውን ምንዳና ድርሻ ሰጧቸው። ከዚህም የተነሣ ዑለማዎች ዑስማንን (ረ.ዐ.) ከበድር ሰዎች ጋር ይቆጥሯቸዋል። በሐቅ የታመመ ቤተሰብን ማስታመም ከዘመቻ ጋር ተቆጠረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌላዋን ልጃቸውን ኡሙ ኩልሡምን (ረ.ዐ.) ዳሩላቸው። ዙን-ኑረይን፣ የሁለት ብርሃናት ባለቤት የተባሉትም በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ630 ለተቡክ ዘመቻ ስንቅ ሲጠፋ፣ 1,000 ዲናር አምጥተው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጭን ላይ አፈሰሱ። እንግዲህ በበድር ጊዜ ከቤት የቀሩት ሰው ለተቡክ ሠራዊቱን አስታጠቁ። ለሁሉም ጊዜ አለው።

ዑስማን (ረ.ዐ.) ከእ.ኤ.አ. 644 እስከ 656 ድረስ ኸሊፋ ሆነው መሩ። ዛሬ በእጃችን የያዝነው ቁርኣን በአንድ ወጥ ቅጂ ተጽፎ ወደየአገሩ የተላከው በእሳቸው ዘመን ነው። በዘመናቸው መጨረሻ ዘመዶቻቸውን በመሾማቸው ቅሬታ መነሣቱን ታሪክ አይደብቅም። በሰሐባዎች መካከል መፍረድ ግን የእኛ ድርሻ አይደለም። ዐመፀኞች ቤታቸውን በከበቡ ጊዜ ውሃ ተከለከሉ። ከቤታቸው ላይ ሆነው የሩማን ጉድጓድ ማን ገዝቶ ለሙስሊሞች እንደሰጠ ሕዝቡን ጠየቁ፤ ሰዎቹም እውነት ነው አሉ፤ ውሃውን ግን አልሰጧቸውም። ሊከላከሉላቸው የመጡትን ወጣቶች ስለ እኔ ደም አይፍሰስ ብለው መለሷቸው። ገዳዮቹ በገቡ ጊዜ ባለቤታቸው ናኢላ (ረ.ዐ.) ሰይፉን በእጃቸው ለመመለስ ሞከሩ፤ ጣቶቻቸውም ተቆረጡ። በታመመች ሚስቱ አልጋ ሥር ተቀምጦ ያስታመመ ሰው፣ በስተርጅናው ሚስቱ በሰይፍ ፊት ቆመችለት።

ውድ አንባቢ ሆይ! አንተ ዕድሜዬ በንግድና በቤት አለቀ የምትል ወንድሜ፣ ጥያቄው ዕድሜህ የት አለቀ የሚል አይደለም፤ እንዴት አለቀ የሚል ነው። ሚዛንህ ትክክል ነውን? ትርፍህ ሐላል ነውን? ከትርፍህ ጎረቤትህ የሚቀምሰው ጠብታ አለውን? ወይስ ለልጆቼ ነው እያልክ ልጆችህ ፊትህን ሳያዩ ያድጋሉን? ዛሬ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በዐረብ አገራት ተሰደው ለቤተሰባቸው ይለፋሉ፤ አላህ ድካማቸውን ይቀበላቸው። እዚሁ በአንድ ጣራ ሥር እያደርን ግን ሚስታችን ስትታመም ለሠራተኛ ጥለናት ሱቅ የምንከፍት አለን። ለዚህ ዓይነቱ ሰው የበድር ታሪክ ብርቱ ትምህርት ነው።

በዚህ መስጊድ ግቢ ውዱእ ስታደርግ ውሃው ያለ ሰው እጅ እንዳልመጣ አስታውስ። ያስገቡት ሰዎች የሩማን ፈለግ የተከተሉ፣ አብዛኞቹም ሱቅና ቤት ያላቸው አባወራዎች ናቸው። በሕይወት ላሉት አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ ያለፉትንም ይማራቸው። እኛንም ገበያችንና ቤታችን ከሚመሰክሩልን ባሮቹ ያድርገን። አሚን።