እስክሪብቶውና ሳህኑ አንድ ዓይነት ፖሊሽ አይቀቡም

በቶርኖ የተቀረጸ የወይራ እስክሪብቶ ሱቅ ውስጥ ሲታይ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ለምርቃት ስጦታ ተገዝቶ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱም እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ከዚያው ሱቅ የተገዛው የዋንዛ ሳህን ደግሞ ትኩስ ምግብ ሲቀርብበት የቫርኒሽ ሽታ ይሰጣል። በሁለቱም ዘንድ ጥፋቱ የእንጨቱም የቀረጻውም አይደለም። ጥፋቱ የመጨረሻው ቅብ ምርጫ ነው።

ብዙ ባለሙያ ፖሊሽ የሚመርጠው በሚሰጠው ድምቀት ነው። መጠየቅ ያለበት ግን “ይህ ዕቃ ምን ያገኘዋል?” ተብሎ ነው። እስክሪብቶን የሚጎዳው ላብና የጣት ሰበቃ ሲሆን፣ ሳህንን የሚጎዳው ውሃ፣ ሙቀትና የምግብ ቅባት ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

ከቅቡ በፊት

የትኛውም ፖሊሽ የብርጭቆ ወረቀትን ሥራ አይተካም። እንዲያውም ጭረትን አጉልቶ ያወጣል። ለሳህን ከ120 ቁጥር ተነስቶ በ180፣ በ240 እና በ320 ማለፍ በአብዛኛው ይበቃል። እስክሪብቶ ዓይን ሥር ተይዞ የሚታይ ዕቃ በመሆኑ እስከ 600 ቁጥር ቢደርስ ይመረጣል። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የሻካራው ወረቀት ጭረት ግን ከፖሊሹ ሥር ቀርቶ ይታያል። በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ቶርኖውን አቁሞ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ በእጅ ማሸት ክብ ክብ ጭረቱን ያጠፋል።

ወይራን የመሰለ ቅባት ያለው እንጨት ከመቀባቱ በፊት በአሴቶን ቢጠረግ ቅቡ በደንብ ይይዛል። ዋንዛ ደግሞ ቀለል ያለና የሚመጥ እንጨት ስለሆነ የመጀመሪያውን ቅብ ይጠጣዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይፈልጋል።

ለእስክሪብቶ

ጎማላካ፦ ዛፍ ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚገኝና በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው። ዋነኛ ምንጮቹ ህንድና ታይላንድ ናቸው። ለቶርኖ ሥራ በአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም ገደማ ማሟሟት ቀጭንና ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ይሰጣል። ቶርኖው እየዞረ በለስላሳ ወረቀት ሲታሽ በሰበቃው ሙቀት ወዲያው ያበራል። ድክመቱም እዚያው ነው። በአልኮል የሟሟ ነገር አልኮል ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ከገባ ወዲህ የእጅ ሳኒታይዘር የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል፤ በሳኒታይዘር የራሰ እጅ የያዘው የጎማላካ እስክሪብቶ ብዙ አይቆይም። ከተበጠበጠ የቆየ ጎማላካም በደንብ አይደርቅም። ስለዚህ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ በማግስቱ በጥፍር መሞከር ነው። የሚለጠፍ ከሆነ ይጣል።

ሱፐር ግሉ፦ ለማጣበቂያ የምናውቀው ይኸው ሙጫ በቀጫጭኑ ደጋግሞ ሲቀባ ጠንካራና ግልጽ ሽፋን ይሆናል። ላብንም ውሃንም ይችላል። በየቀኑ ለሚያዝ እስክሪብቶ ከሁሉም የሚበረክተው ይህ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ዙር ተቀብቶ ሲደርቅ በደቃቅ ወረቀት በውሃ ይታሻል፤ ከዚያም በማብሪያ ክሬም ይወለወላል። እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል መስኮት መክፈትና መነጽር ማድረግ ግድ ነው። የጥጥ ጨርቅ ላይ ሲፈስ እጅ እስከማቃጠል ስለሚግል በወረቀት እንጂ በጥጥ አይቀባም። አንዳንድ ገዢ ፕላስቲክ የያዘ ይመስለዋል፤ የእንጨቱን ገላ መንካት ለሚወድ ሰው ይህ ቅብ አይሆንም።

ሰም ብቻውን፦ የንብ ሰም በአገራችን እንደ ልብ ይገኛል፤ ሲዳሰስም ደስ ይላል። ነገር ግን ለስላሳ ነው። በእጅ ሙቀትና ላብ ቶሎ ይለቃል። ለእስክሪብቶ ከሌላ ቅብ በላይ የሚደረብ ማሳመሪያ እንጂ መከላከያ አይደለም።

ለሳህን

በቅድሚያ ሳህኑ ለምግብ ነው ወይስ ለጌጥ የሚለው ይለይ። ለጌጥ ብቻ ከሆነ ጎማላካም ቫርኒሽም ይሆናል። ለምግብ ከሆነ ግን ሽፋን ሠርቶ ላይ ላዩን የሚቀመጥ ቅብ ማንኪያና ቢላ ሲነካው ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሽፋኑን ያነሳዋል፤ ቅርፊቱም ከምግብ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ይመረጣል።

በየቤቱ ገበቴ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት ሲቀባ ማየት የተለመደ ነው። ለጊዜው ያምራል። ሆኖም ቅቤ አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ቆይቶ ይሸታል። የወይራ ዘይትም እንዲሁ ነው። የኑግ ዘይት ቀስ ብሎ የሚደርቅ በመሆኑ በወፍራሙ ከተቀባ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል።

የተልባ ዘይት ከዚህ ይለያል። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። በስሱ ቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጠርጎ ማንሳት፣ ደርቆ ሲገኝም መድገም ነው። በእያንዳንዱ ዙር መካከል ቀናት፣ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ደግሞ ሳህኑ ለገበታ ከመቅረቡ በፊት ሳምንታት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው የሚያጣብቅ ሳህን ይሸጣል። ቀለም መሸጫ የሚገኘው “የተቀቀለ” የተባለው የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ማድረቂያ ውህዶች ሊጨመሩበት ስለሚችል ለምግብ ዕቃ ንጹሑን መምረጥ ይገባል።

ቶሎ ማስረከብ ያለበት ባለሙያ ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን መጠቀም ይችላል። አይሸትም፣ አይበላሽም። አይደርቅምና ሲታጠብ ይለቃል፤ ስለዚህ ገዢው እንጨቱ ሲገረጣ ደግሞ መቀባት እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ጥቂት የንብ ሰም በለስላሳ እሳት፣ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ ቢቀላቀልበት ውሃን ይበልጥ ይገፋል። የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ግን ለትኩስ ወጥ ማቅረቢያ ሳይሆን ለዳቦ፣ ለፍራፍሬና ለቆሎ ሳህን ይስማማል።

ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው እሳት ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ያለ ክብሪት ራሱን ያቀጣጥላል። በእንጨት ብናኝ የተሞላ ወርክሾፕ ውስጥ ይህ ሌሊት ሊሆን የሚችል ጥፋት ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ፣ አለዚያም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በሚዞር ቶርኖ ላይ ጨርቅ ይዞ መቀባት ነው። ጨርቅ ከተጠለፈ ጣትን ይዞ ይሄዳል። ለስላሳ ወረቀት ግን ይቀደዳል፤ ጣትም ይተርፋል።

ከመሸጥ በፊት

አዲስ ቅብ ሁልጊዜ ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ይሞከር። ሲደርቅ የውሃ ጠብታ ጥሎ ማሳደር፣ ጎኑን በላብ በራሰ እጅ ማሸት፣ እስክሪብቶ ከሆነም ሳኒታይዘር ማስነካት ደንበኛው ከወራት በኋላ የሚያየውን ዛሬ ያሳያል።

በመጨረሻም በምን እንደተቀባ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር መስጠት ጥሩ ልማድ ነው። ሳህኑ ውሃ ውስጥ እንዳይዘፈዘፍ፣ ታጥቦ ወዲያው እንዲደርቅ፣ ሲገረጣም በምን እንደሚቀባ ገዢው ይወቅ። ይህን ያወቀ ገዢ ሳህኑን ለዓመታት ይገለገልበታል፤ ሌላ ሲፈልግም ወደ ሠራው ሰው ይመለሳል።